ፋኑ ዞሮ ሞኒተሩ ሲጨልም

ዕቃው ተሟልቶ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣ ኬብሉ ሁሉ ተሰክቶ ማብሪያው ሲጫን ፋኑ ይዞራል፤ ሞኒተሩ ግን እንደጨለመ ይቀራል። ኮምፒውተር በገዛ እጁ የገጣጠመ ሰው ይህችን ደቂቃ ያውቃታል። ከዚያ የሚሰጠው ፍርድም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል»። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። አዲስ ዕቃ ከፋብሪካው ተበላሽቶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም አልነሳም ብለው ካየኋቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚበዙት ምንም ያልተቃጠለባቸው ነበሩ። ችግራቸውን እየተናገሩ የሚሰማቸው ያጡ ናቸው።

የሚናገሩት ፖስት በሚባለው የመነሻ ፍተሻ ነው። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የተጻፈው ባዮስ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ግራፊክስ ካርዱንና ዲስኩን በተራ እየፈተሸ ያልፋል። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ሲያቀርብ ይህ ፍተሻ አብሮት ነበር፤ ሁሉም ደህና ከሆነ በውስጡ ያለችው ስፒከር አንዲት አጭር ድምፅ ታሰማ ነበር። ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነትና ስለ ግራፊክስ ካርድ ዋጋ ሌት ተቀን ይወራል፤ ከሁሉም ቀድሞ ነቅቶ ሁሉንም የሚቀሰቅሰውን ይህን ፍተሻ ግን የሚያነሳው ሰው አይገኝም። ይህ ያሳዝነኛል።

ሰውን የሚያሳስተው ፋኑ ነው። «ፋኑ ዞሯል፤ እንግዲህ ኃይል ደርሷል፤ ስክሪኑ ካልበራ የሞተው ማዘርቦርዱ ነው» ይባላል። ፋን ግን 12 ቮልት ካገኘ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ፕሮሰሰሩ አንዲት ትእዛዝ ሳይፈጽም ፋን ይዞራል፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ፕሮሰሰሩ ጭራሽ ሳይገጠም እንኳ ይዞራል። የፋን መዞር ስለ 12 ቮልቱ ይመሰክራል፤ ከዚያ ያለፈ ምስክርነት የለውም።

ነገሩ እንዲገባን ማብሪያው ከመጫኑ በፊት ካለው እንነሳ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፤ በሐምራዊው ሽቦ 5 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል። ማብሪያው ሲጫን ማዘርቦርዱ አረንጓዴውን ሽቦ ወደ ዜሮ ቮልት ያወርደዋል፤ ለፓወር ሰፕላዩ «ተነስ» ማለት ይኸው ነው። ወዲያው 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይወጣሉ። ፋኑ መዞር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ገና አልተለቀቀም። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቱ መርጋቱን አይቶ፣ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በግራጫው ሽቦ ላይ 5 ቮልት ያወጣል። «ኃይሉ ደህና ነው» የሚለው ምልክት ይህ ነው፤ እሱ ሳይመጣ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ሥራ አያስጀምረውም። ይህችን ግራጫ ሽቦ እወዳታለሁ። ባልረጋ ኃይል ሥራ እንዳይጀመር በር ላይ የቆመችው እሷ ናት፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አሁን አሁን ሽቦዎቹን ሁሉ ጥቁር የሚያደርጉ አምራቾች አሉ፤ ቦታዋ ግን አልተለወጠም፣ በ24 ፒኑ ማገናኛ ላይ 8ኛዋ ናት።

ፕሮሰሰሩ ከተለቀቀ በኋላም ስክሪን ገና ሩቅ ነው። መጀመሪያ ባዮሱ ይነበባል፣ ቀጥሎ ራሙ ይዘጋጃል፣ ግራፊክስ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የጨለመ ስክሪን የሚለው «ከእኔ በፊት ካሉት አንዱ ቆሟል» ብቻ ነው። የትኛው እንደቆመ የሚነግሩን ደግሞ ሌሎች ናቸው። በአሁኖቹ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ላይ ከጠርዙ አጠገብ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የሚል ተጽፎባቸዋል። ፍተሻው የደረሰበት መብራት ይበራል፤ በርቶ የቀረው የቆመበት ነው። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ትንሿ ስፒከር ትሰካለች። ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ሁሉ አንዲት በኪሱ ሊይዝ ይገባል። የድምፆቹ ትርጉም ከባዮስ ባዮስ ይለያያል። በአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የግራፊክስ ችግር ነው፤ በአሚ ባዮስ ሦስት አጭር የራም ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ እባካችሁ ከካርቶኑ ጋር አትጣሉት።

ይህን ሁሉ የማወራው ለአንድ ሙከራ ነው። አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ሲመጣልኝ በመጀመሪያ ራሙን በሙሉ እነቅልና ስፒከሯን ሰክቼ አበራዋለሁ። ሙሉ ማሽን እያወቁ ማጉደል ለብዙዎች እብደት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ማሽኑ ራም አጣሁ ብሎ ከጮኸ ስንት ነገር እንደተረጋገጠ ተመልከቱ፤ ፓወር ሰፕላዩ ይሠራል፣ ግራጫዋ ሽቦ ምልክቷን ሰጥታለች፣ ፕሮሰሰሩ ነቅቷል፣ ባዮሱ ተነቧል፣ ማዘርቦርዱም በሕይወት አለ። በአንዲት ጩኸት የዕቃው ግማሽ ከጥርጣሬ ነፃ ይወጣል። ማሽኑ ዝም ካለ ደግሞ ራሙን ትተን ወደ ኃይሉና ወደ ፕሮሰሰሩ እንመለሳለን። ሰባትና ስምንት ዕቃ በጭፍን እየቀያየሩ ቀን ከማጥፋት ይህ ስንት እጥፍ ይሻላል!

ራሙ ላይ ሌላም ሰው የማይታገሰው ነገር አለ። ዲዲአር5 ራም በተለይ ኤኤምዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤኤም5 ሶኬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ሊጨልም ይችላል። ብልሽት አይደለም። በሰከንድ 4.8 ቢሊዮን ጊዜ ዳታ በሚተላለፍበት ሽቦ ላይ ለአንዲት ቢት የሚደርሳት ወደ 208 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ምልክቱ በማዘርቦርዱ ላይ የሚጓዘው ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ነው። የእያንዳንዱ ሽቦ ርዝመት ትንሽ ቢለያይ ቢቶቹ በአንድ ጊዜ አይደርሱም። ስለዚህ ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር እየሞከረ፣ እየላከ፣ መልሶ እያነበበ፣ ትክክለኛዋን ቅጽበት ይፈልጋል። ሲያገኛት መዝግቦ ያስቀምጣታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይነሳል።

አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ማሽን ይዞልኝ መጥቶ «ጋሼ፣ ጠጋኝ ማዘርቦርዱን ቀይር ብሎኛል» አለኝ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ብጠይቀው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ እያጠፋ እንደገና እንደሚያስነሳው ነገረኝ። ጠጋኙ ደግሞ ክብ ባትሪዋን ነቅሎ መልሶ ነበር፤ ማሽኑ ሥራውን እንደገና ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው። «አትንካው፣ ልጄ፤ ዝም ብለህ ጠብቅ» አልኩትና ሻይ አዘን ተቀመጥን። ሻዩ ሳያልቅ ስክሪኑ በራ። ለአዲስ ማዘርቦርድ ሊያወጣው የነበረው ገንዘብ ኪሱ ቀረ። ማሽኑን ያቆሰለው አልነበረም፤ ሥራውን ያቋረጠው ነበር። ጠጋኞች ይህን ሳያውቁ «ተቃጥሏል» ማለታቸውን ይተዉ።

የቀረው በአጭሩ የሚነገር ነው። ሁለት ራም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ቆጥሮ በ2ኛውና በ4ኛው ቦታ ይገጠማል፤ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ተጭኖ። ፕሮሰሰሩን የሚመግበው ባለ 8 ፒን ኬብል ከላይ በግራ ጥግ ስለሚሰካ ይረሳል፤ እሱ ሳይሰካ ፋን ይዞራል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። የግራፊክስ ካርዱን ባለ 8 ፒን በእሱ ቦታ በግድ ለማስገባት የሚታገሉ አይቻለሁ፤ የ12 ቮልቱና የዜሮው ቦታ ተገላብጦ ስለሆነ ይህ በእውነት ያቃጥላል። ሞኒተሩ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰካል። ስሙ በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ከእሱ ጋር ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የወጣ ከሆነም ባዮሱ አዲሱን ላያውቀው ይችላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡት ቢ450 ሰሌዳዎች በ2020 ለወጣው ራይዘን 5000 ባዮሳቸው መታደስ አለበት።

ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ከመሰካቱ በፊት ከኋላው ይታይ። አብዛኞቹ አዳዲሶች ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ። ርካሾቹና አሮጌዎቹ ግን ቀይ መቀያየሪያ አላቸው፤ እዚያ 115 ላይ ተደርጎ ይመጣል፣ የእኛ መብራት 220 ነው። እንዲሁ ከተሰካ ይፈነዳል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ ያለማየት ነው፣ መቀያየሪያውን ለማዞር ደግሞ ጥፍር ይበቃል።

ሁሉንም አልፎ ስክሪኑ በርቶ «የሚነሳ ዲስክ የለም» ካለ አትደንግጡ። አዲስ ዲስክ ባዶ ነው፤ ፍተሻው አልቋል። ዊንዶውስ የተዘጋጀበትን ፍላሽ ሰክታችሁ መጫን መጀመር ትችላላችሁ።