የቀላል ስፖርት መኪና ጥቅሙና ጉድለቱ

መኪና ፈጣን ይሆን ዘንድ ታላቅ ሞተር ያስፈልገዋል የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ የጸና ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን (1928–1982) ግን ሌላ መንገድ መረጡ፤ ይኸውም ሞተሩን ከማግዘፍ ይልቅ የመኪናውን ክብደት መቀነስ ነው። እርሳቸው ያቋቋሙት የሎተስ ፋብሪካ በዚሁ አሳብ ጸንቶ፥ ኤሊዝ የተባለውን ባለሁለት መቀመጫ መኪና እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ አቀረበ፤ እስከ 2021ም ሲሠራው ቆየ።

የመጀመሪያው ኤሊዝ ክብደቱ 725 ኪሎ ግራም ያህል፥ ኃይሉም 118 የፈረስ ጉልበት ነበረ። እንግዲህ 1450 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ለክብደቱ ይህንኑ ያህል ኃይል እንዲኖረው 236 የፈረስ ጉልበት ያሻዋል ማለት ነው።

ምስጢሩ ያለው ካሠራሩ ላይ ነው። አጽሙ በጠንካራ ሙጫ የተያያዘ አሉሚኒየም ሲሆን 68 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ገላው ዝገት የማይነካው ፋይበር ግላስ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ይቆጥባል፤ ፍሬኑና ጎማው ብዙ አይደክሙም፤ በጠመዝማዛ መንገድም መሪው ለነጂው ወዲያው ይታዘዛል።

ነገር ግን የተቀነሰው ክብደት ያለ ዋጋ አልተገኘም። የበሩ ደፍ ሰፊና ከፍ ያለ በመሆኑ ለመግባትም ለመውጣትም ያስቸግራል። ለልጆች መቀመጫ የለውም፤ የዕቃውም ሥፍራ ጠባብ ነው። እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡበት፥ በክብደቱ ላይ ካምስት አንድ እጅ የበለጠ ይጨምሩበታል። አጽሙ በግጭት የተጎዳ እንደ ሆነ ጥገናው አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሙሉ መለወጥ ግድ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሕይወት ነገር ነው። ቀላሉ መኪና ክብደቱ እጥፍ ከሆነ መኪና ጋር ቢጋጭ፥ ድንገተኛው የፍጥነት ለውጥ በቀላሉ ላይ እጥፍ ይሆንበታል። የመጀመሪያዎቹ ኤሊዞች ደግሞ ነጂውን የሚጠብቅ ኤርባግ አልነበራቸውም።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። እኛም የምንመክረው ይህን ነው፤ ብቻውን በመንዳት ለሚደሰት ሰው ቀላሉ መኪና መልካም ጓደኛ ነው፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ግን አስቀድሞ የቤተ ሰቡን መኪና ይግዛ፤ ገንዘብ ከተረፈው ስለ ሁለተኛው በኋላ ያስብበታል።