በሬዲዮ የሚመራ የውድድር መኪና የኃይል ማስተላለፊያ

በሬዲዮ የሚመራ የውድድር መኪና የኃይል ማስተላለፊያ ማለት የሞተሩን ሽክርክሪት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱ ክፍሎች ስብስብ ነው። ዋና ዋናዎቹ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ጊር ወይም ፒኞን፣ ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ጊር፣ ዲፈረንሻል፣ የጎማ ዘንጎችና ኩሽኔቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲሰበር መለዋወጫው የሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን በልኩ ነው።

የጥርስ መጠን

አብረው የሚዞሩ ሁለት ጊሮች የጥርሳቸው መጠን አንድ መሆን አለበት። መጠኑ በሞጁል ወይም በፒች ይገለጻል። ሞጁል የጊሩ የሥራ ዲያሜትር በሚሊሜትር ተለክቶ ለጥርሶቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ፒች ደግሞ የጥርሶቹ ብዛት በኢንች ለተለካው ዲያሜትር ሲካፈል ይገኛል። ስለዚህ ሞጁሉ ሲጨምር ጥርሱ ይተልቃል፤ ፒቹ ሲጨምር ግን ያንሳል።

25.4 ለፒቹ ሲካፈል ሞጁሉ ይገኛል። በዚህ ስሌት 48 ፒች 0.53 ሞጁል ያህል ነው። 48 ፒች ጊርና 0.6 ሞጁል ጊር ለዓይን ቢመሳሰሉም አብረው ከተገጠሙ ጥርሶቻቸው ቶሎ ይበላሉ።

የጥርስ ብዛትና ፍጥነት

የትልቁ ጊር ጥርሶች ብዛት ለፒኞኑ ጥርሶች ብዛት ተካፍሎ በመኪናው የውስጥ ጥምርታ ሲባዛ ጠቅላላው ጥምርታ ይገኛል። ለምሳሌ ትልቁ ጊር 81፣ ፒኞኑ 27 ጥርስ ቢኖራቸውና የውስጥ ጥምርታው 2.6 ቢሆን ውጤቱ 7.8 ነው። ይህም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 7.8 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ፒኞኑ ወደ 28 ጥርስ ቢቀየር ጥምርታው ወደ 7.52 ይወርዳል። የመኪናው ከፍተኛ ፍጥነት ሲጨምር የመነሻ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሞተሩም የበለጠ ኤሌክትሪክ ስቦ ይግላል። ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር የማግኔቱን ኃይል ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም ተመሳሳዩ ፒኞን ከጠፋ ጥርሱ የሚያንሰውን መምረጥ ለሞተሩ ይሻላል።

ቀዳዳና ዘንግ

የፒኞኑ ቀዳዳ ከሞተሩ ዘንግ ጋር እኩል መሆን አለበት። 540 በሚባለው የተለመደ የሞተር መጠን ዘንጉ 3.17 ሚሊሜትር ነው፤ በትላልቅ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ይሆናል። ኩሽኔት በሦስት ልኮች ይታወቃል። 5×10×4 ሲባል የውስጥ ዲያሜትሩ 5፣ የውጭው 10፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

ብረት ወይስ ፕላስቲክ

የብረት ጊር ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፣ ይጮኻል። የፕላስቲክ ጊር ቀላልና ጸጥተኛ ቢሆንም ጥርሱ ቶሎ ይረግፋል። ይሁን እንጂ ሁሉም ጊር ብረት ከሆነ የግጭቱ ጉልበት ወደ ዘንጉ ወይም ወደ ዲፈረንሻሉ ያልፋል፤ እነዚህ ደግሞ ከአንድ ጊር ይልቅ ውድና ለመቀየር አስቸጋሪ ናቸው። ስለዚህ በብዙ መኪኖች የብረት ፒኞን ከፕላስቲክ ትልቅ ጊር ጋር ይጣመራል፤ ርካሹ ክፍል ቀድሞ ተሰብሮ ውዱን ያድናል።

አገጣጠም

በሁለቱ ጊሮች መካከል ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል። ለዚህም ስስ ወረቀት በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ ሞተሩን ማጥበቅና ወረቀቱን ማውጣት የተለመደ ዘዴ ነው። ጊሮቹ ከተጣበቁ ይግላሉ፤ ከተራራቁ ጥርሳቸው ይረግፋል። ያረጀ ፒኞን አዲሱንም ጊር ስለሚበላ ሁለቱን በአንድነት መቀየር ይመረጣል። የላላ ኩሽኔት ካለም አስቀድሞ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ጊር እንደ ቀድሞው ይበላሻል።