የወር አበባ መዛባት፣ እንቅርትና ያልተጣራ ሐሜት

ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ ስለምንነጋገር አንዳንዴ ሌላውን የጤና ችግር ሁሉ በእሱ ዓይን ማየት ይቀናናል። ጎንደር ከተማም ሆነ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ ባለው ደጋ፣ አንዲት ልጅ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ክስት ካለች፣ ልቧ እየመታ እንቅልፍ ከነሳት፣ ወር አበባዋም ከቀረ፣ ወሬው ቶሎ ይነሳል። ግማሹ «አርግዛ ነው» ይላል፤ ግማሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ በሽታ ይዟት ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በምርመራ የሚጣሩ ናቸው። ነገር ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠረጥረው ሦስተኛ ነገር አለ። እሱም አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ናት።

ወደ እሷ ከመሄዳችን በፊት እስቲ የወር አበባ እንዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ነገሩ የማህፀን ብቻ ይመስለናል እንጂ ትእዛዙ የሚነሳው ከራስ ቅል ውስጥ ነው። ከአንጎል ስር አተር የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። እሷ በደም በኩል መልእክት ትልካለች፤ ይህ መልእክት ነው ሆርሞን የሚባለው። መልእክቱ የደረሳቸው በማህፀን ግራና ቀኝ ያሉት የእንቁላል ማምረቻዎች አንድ እንቁላል ያበስላሉ፤ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞንም ያመነጫሉ። ኢስትሮጅን የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ ያወፍራል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የተባለው ይመጣና ግድግዳውን ለእርግዝና ያመቻቸዋል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፤ የተዘጋጀው ግድግዳ ይፈርስና ደም ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ከዚህ መስመር አንዱ ቦታ ላይ ችግር ከተፈጠረ ቀኑ ይዛባል። ረሃብ፣ ከባድ ጭንቀት፣ ድንገተኛ የክብደት መቀነስ ሁሉ ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ሊያቋርጡት ይችላሉ። በፈተና ሰሞን ወር አበባዋ የቀረባት ተማሪ ይህን ታውቀዋለች።

ወር አበባ ማየት ከጀመረች ገና አንድ ሁለት ዓመት ለሆናት ልጅ በ21 ቀንም ይምጣ በ45 ቀን አያስደነግጥም። ትእዛዙ ገና እየተለማመደ ነውና። ነገር ግን 15 ዓመት ሞልቷት ጨርሶ ካልታየ፣ ሲታይ ቆይቶ ሦስት ወር ከቀረ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ ወይም ሞዴሱ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ የሚርስ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ ልጅቱ ወር አበባ ላይ ስትሆን ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምትሳለመው። አስተዋይ እናት ታዲያ ካላንደር ሳታይ ትቆጥራለች። ልጇ ሦስት እሁድ በተከታታይ ከውጭ ከቆመች ጉዳዩ የእምነት ሳይሆን የሐኪም ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳት ልጅ ደም ማነስ ይይዛታል፤ ዳገት ስትወጣ ያደክማታል፣ ዓይኗ ይጨልማል፣ ትምህርት አልገባ ይላታል። «ሰነፈች» ተብላ የምትቆጣው ልጅ አንዳንዴ ደም ያነሳት ናት።

የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ እህቶችም ወር አበባቸው ሲቀር ይደነግጣሉ። «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» የሚለውን ስጋት ያልሰማ የጤና ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። መርፌው የማህፀን ግድግዳ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚፈርስ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ደምም የለም። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል እንጂ መካን አያደርግም። ፖስት ፒልም ቢሆን የሚቀጥለውን ወር አበባ በጥቂት ቀናት ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መርፌውም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ ፖስት ፒሉም እርግዝናን እንጂ ኤች አይ ቪን አይከላከሉም።

አሁን ወደ አንገታችን እንመለስ። የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት በታች ቢራቢሮ መስላ የምትገኝ ስትሆን ሥራዋ የሰውነትን ፍጥነት መወሰን ነው። ሆርሞኗን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልጋታል። አዮዲን ደግሞ የሚገኘው ከአፈር ነው። እንደ ሰሜን ጎንደር ባለ ተራራማ አገር ዝናቡ ለብዙ ሺህ ዘመን አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ይዞት ወርዷል፤ ስለዚህ እዚያው የበቀለው ገብስና ድንችም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢዋ ያላትን ጥቂት አዮዲን ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል፤ በጉርምስናና በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ይብሳል።

እንቅርት ያለባት ሁሉ ሆርሞኗ ተዛብቷል ማለት አይደለም። የብዙዎቹ ዕጢ አብጦም ሥራውን ይሠራል። ሆርሞኑ ካነሰ ግን ሰውነት ይቀዘቅዛል፦ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ ክብደት መጨመር፣ ወር አበባም መብዛት ወይም መዛባት ይመጣል። ሆርሞኑ ከበዛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እየበሉ መክሳት፣ የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ወር አበባ ማነስ ወይም ጨርሶ መቅረት። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያነሳናትን ልጅ አስቧት። በላይዋ ላይ ሐሜቱ ሲጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ማለት ይህ ነው! ሐሜቱን ፈርታ የኤች አይ ቪ ምርመራውንም፣ የዕጢውንም ምርመራ ትታ ቤቷ ትደበቃለች። ሁለቱም እኮ በደም ናሙና የሚታወቁ ናቸው። የታይሮይድ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ባይኖርም ወደ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማስላክ ይቻላል። ያነሰው ሆርሞን በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይተካል፤ የበዛውም የሚቀንስ መድኃኒት አለው። አብጦ መተንፈሻ ወይም ጉሮሮ የተጫነ እንቅርት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

የደጋ እናቶቻችን አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ያጠፋል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ውበቱን መካድ አይቻልም። እንቅርት ግን አያድንም፤ አዮዲን በመርፌ ጫፍ አይገባምና። በአንድ መርፌ ብዙ ልጃገረዶችን መንቀስ ደግሞ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊያሻግር ይችላል።

መፍትሔው ያለው ጨው ውስጥ ነው። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በፊት አብዛኛው ጨው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል አዮዲን ተጨምሮበት ይገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና አገሩ ፊቱን ወደ አፋር ወደ አፍዴራ ጨው አዞረ፤ እሱ ደግሞ አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ እንደነበር አሳይቷል። በዚያው ዓመት የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ደርሷል። ነገር ግን አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት አይወድም። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ልቅ ጨው ገዝቶ ወጡ ገና ሲጣድ መጨመር አዮዲኑን ማባከን ነው። ጨውን በክዳን ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ነፍሰ ጡር አዮዲን ካነሳት የልጇ አእምሮ እድገት ይጎዳልና ይህ የወጥ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም።

ወር አበባዋ እየዘለለ ብጉርና የአገጭ ፀጉር የሚያስቸግራት ደግሞ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ችግር ሊሆንባት ይችላል። እንቁላል በወቅቱ ሳይወጣ ሲቀር የሚመጣ ሲሆን ሕክምና አለው፤ መካንነት ተብሎ የሚደመደም አይደለም።

ፈሳሽን በተመለከተ፣ ሽታ የሌለው ነጣ ያለ ፈሳሽ ጤነኛ ነው። እንደ አይብ የረጋና የሚያሳክክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ከከረፋ ወይም ሽንት ሲሸኑ ካቃጠለ ግን የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቁስለት ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ወንድ ጓደኛዋም አብሮ መታከም አለበት። እሱ ካልታከመ መልሶ ያስይዛታል። በሳሙናና በሎሚ ውስጥን ማጠብ ችግሩን ያብሳል እንጂ አያድንም።

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ 6 እጥፍ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ ያለባት ከ25 ዓመቷ፣ ሌላዋ ከ30 ዓመቷ ጀምሮ እንድትመረመር ይመክራል። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ሲሆን ካንሰር ሳይሆን በፊት ያለውን ለውጥ ያሳያል። የካንሰሩ መንስኤ የሆነውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባትም ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ታናሽ እህት ያላችሁ፣ የክትባቱ ቡድን ትምህርት ቤት በሚመጣበት ቀን ልጅቱ ከቤት እንዳትቀር አድርጉ።