የተሽከርካሪ ዓመታዊ ፈቃድና ጊዜው ሲያልፍ የሚያስከትለው ቅጣት

የሚከተለው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከመጨረሻው የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ከጅማ ተነሥቶ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ጎጀብን ሳይሻገር ከፋን አይረግጥም። መንገዱ ከከፍታው ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ካለፈ በኋላ ወደ ጊምቦና ወደ ቦንጋ የሚያወጣውን ዳገት ይያያዛል። በክረምት ዝናቡና ጉሙ መንገዱን ይሸፍኑታል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች፣ ተሳፋሪ የሞሉ ሚኒባሶች፣ ሞተር ብስክሌቶችና ባጃጆች ከእግረኛው ጋር እየተጋፉ ይተላለፉበታል። በእንደዚህ ያለ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በአሽከርካሪው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ በፍሬኑ፣ በመሪውና በጎማው ደኅንነትም ጭምር ነው። ተሳፋሪው ግን የፍሬኑን ሁኔታ መርምሮ አይሳፈርም። እርሱን ተክቶ የሚመረምርለት ሕግ ነው።

ሕጉ ይህን የሚፈጽመው በሦስት ነገሮች አማካይነት ነው። የመጀመሪያው ሊብሬ ነው። ሊብሬ የባለንብረቱን ስም፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር የያዘ የመኪናው መታወቂያ ነው። ሁለተኛው ታርጋ ሲሆን፣ መኪናው ከሩቅ የሚለይበት ሰሌዳ ነው። ሦስተኛው ቦሎ ነው። ቦሎ መኪናው የዓመቱን ምርመራ አልፎ ፈቃዱ መታደሱን የሚያሳይ፣ በፊት መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ታርጋና ቦሎ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ሊብሬና ታርጋ መኪናው የማን እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ ቦሎ ግን መኪናው ዛሬም ለመንገድ ብቁ መሆኑን ይመሰክራል። የዘመን ገደብ የተደረገለትም በዚህ ምክንያት ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲመዘገብና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግለት ይደነግጋል። ባለንብረቱ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲቀርብ ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል። በመጀመሪያ መኪናው ተመርምሮ ማለፍ አለበት። ቀጥሎም የሦስተኛ ወገን መድን መግባቱን ያስረዳል። በመጨረሻም የማደሻውን ክፍያ ይፈጽማል። የማደሻው ክፍያ ያለ ምክንያት የሚጠየቅ አይደለም፤ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ለመንገድ ጥገና ከሚውሉት የገቢ ምንጮች አንዱ ሆኖ ተደንግጓል።

ታዲያ ጊዜው ባለፈበት ቦሎ የሚያሽከረክር ሰው ምን ይደርስበታል? ቅጣቱን በሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። አንደኛው በመንገድ ላይ የሚፈጸመው ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 የደንብ መተላለፍን እንደ ክብደቱ በእርከን ከፋፍሎ የገንዘብ ቅጣት ወስኖ ነበር። ይህ ደንብ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የቅጣት መጠን እንዲህ በየጊዜው የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ አሽከርካሪው በሥራ ላይ ያለውን ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት አለበት። ከገንዘቡም ሌላ ጉድለቱ እስኪስተካከል ድረስ ጉዞው ሊታገድ ይችላል። ቡና የጫነ መኪና በመንገድ ላይ ሲታገድ፣ የሚከስረው የመኪናው ባለቤት ብቻ ሳይሆን ጭነቱን የሚጠብቀው ነጋዴና ገበሬም ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ቅጣት የሚመጣው አደጋ በደረሰ ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ አሽከርካሪ የምርመራው ጊዜ ማለፉንና ፍሬኑ መድከሙን እያወቀ ወደ ጎጀብ ቁልቁለት ቢወርድና ፍሬኑ እምቢ ብሎ ሰው ቢሞት፣ ጉዳዩ የቦሎ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። በተለይም ጥፋተኛው ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ በመተላለፍ ሞት ያደረሰ እንደ ሆነ፣ ወይም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን የገደለ እንደ ሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ይሆናል። በእርግጥ ቦሎው ስላለፈ ብቻ አሽከርካሪው ለሞቱ ጥፋተኛ ነው አይባልም፤ ፍርድ ቤቱ የአደጋውን ምክንያት በማስረጃ ያጣራል።

ኀላፊነቱ በአሽከርካሪው ላይ ብቻ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለሀብት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ባለሀብቱ ከኀላፊነት አያመልጥም። የመድኑም ጊዜ አብሮ አልፎ ከሆነ ችግሩ ይደራረባል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ እንዲካስ ቢፈቅድም፣ ፈንዱ የከፈለውን ከባለንብረቱ መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። እንግዲህ ጥቂት ብርና ጥቂት ሰዓት ለማትረፍ ያሰበ ሰው ቤቱንና ንብረቱን ለዕዳ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

አንዳንድ ባለመኪኖች፣ «መኪናዬ ደኅና ነው፤ ያለፈው ወረቀቱ ነው» ሲሉ ይሰማል። ሌሎችም ከራቀ ወረዳ መኪናቸውን ለምርመራ ሲያመጡ የቀን ገቢያቸው እንደሚቋረጥ ይናገራሉ። ሁለተኛው አቤቱታ እውነትነት አለው፤ መድኀኒቱ ግን ቀኑ ሳያልፍ አስቀድሞ መዘጋጀት እንጂ ሳያሳድሱ መንዳት አይደለም። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፦ በየዓመቱ የሚታደሰው ወረቀቱ ነው፤ መኪናው ግን በየዓመቱ ያረጃል። ስለዚህ ምርመራው ማኅተም ለመቀበል ሳይሆን እርጅናው የት እንደ ደረሰ ለማወቅ መደረግ አለበት። መኪናውን ሳያይ ወረቀት የሚፈርም መርማሪ ቢኖር፣ ሳያሳድስ ከሚነዳው አሽከርካሪ ያላነሰ ጥፋት ይፈጽማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክርም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

መልመጃ

1. ቦሎ ከሊብሬና ከታርጋ የሚለየው በምንድን ነው? የጊዜ ገደብ የተደረገለትስ ለምንድን ነው?
2. ጸሐፊው ቅጣቱን በሁለት የከፈለው ለምንድን ነው?
3. «ቢወርድ»፣ «ቢሞት»፣ «አልፎ ከሆነ» የሚሉት አገላለጾች በምንባቡ ውስጥ የሚያመለክቱትን ሁኔታ አስረዱ፤ በእያንዳንዱም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
4. «የሚታደሰው ወረቀቱ ነው፤ መኪናው ግን በየዓመቱ ያረጃል» በሚለው ሐሳብ ላይ ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።