ዳኛ የሌለው ጨዋታ

ሰው ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ሁልጊዜ ስልኩን ይከሳል። «ሞላብኝ»፣ «ተንቀራፈፈብኝ»፣ «ጥቅሉን በአንድ ቀን ጨረሰብኝ»። ከፍቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ጤነኛ ነው። ባለቤቱ ሳያስበው የገባባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ናቸው ጉዱን የሠሩት። ቪዲዮው ሁሉ በራሱ እንዲወርድ ስለተፈቀደለት የማያውቃቸው ሰዎች ሰርግ፣ ስብከት፣ የፖለቲካ ንግግርና ጠዋት ጠዋት የሚላከው የ«እንደምን አደራችሁ» አበባ ቦታውን ጨርሰውታል። በራሱ የሚያወርደውን እዘጋለሁ፣ የተከማቸውን እጠርጋለሁ፣ ስልኩን እመልሳለሁ። ሥራዬ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ባለስልኩ ግን ከወንበሩ አይነሳም። «እንደው ከዚህኛው ግሩፕ ብወጣ ይሻለኝ ይሆን?» ይለኛል።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቁልፍ ስልኩ ላይ የለም። ግሩፑ የእድሩ ነው፣ ወይም አብረውት የተማሩ ልጆች ነው፣ ወይም የዘመድ አዝማዱ። መውጣት ማኩረፍ ነው፤ መቆየት ደግሞ በየቀኑ መቃጠል ነው።

የስልክና የኮምፒውተር ድጋፍ ባለሙያ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ የእድር ኮሚቴዎች ግሩፕ እንድከፍትላቸው ይጠሩኝ ጀመር። ክልከላው ተነሳ፣ ድንኳኑም ተመልሶ ተተከለ፣ ግሩፖቹ ግን እንዳሉ ቀሩ። መዋጮና ለቅሶ እንዲነገርባቸው የተከፈቱ ነበሩ። ዛሬ የማይነሳባቸው ነገር የለም። ቀብሩን በቪዲዮ የተከታተለ ሰው ቀብር ደረሰ ይባላል? በቴሌብር ብር የላከስ ከመቅረት ቅጣት ይድናል? ለመልስ ይህን ያህል መደገስ ለማን ነው? አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደ ልጅ አማርኛ ባይናገር ጥፋቱ የእናቱ ነው የአገሩ? ኮምፒውተር የሠራውን የጻድቅ ሥዕል ቤት ውስጥ መስቀል ይገባል?

እነዚህ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ከብዙ የሬዲዮ ውይይት የበለጠ ቁም ነገር አላቸው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት ሰዎች መልሱን ነገ ቤታቸው ይፈልጉታል። ነገር ግን ክርክሩ ሦስተኛው ተናጋሪ ላይ ሳይደርስ ይበላሻል። አንዱ ስለ ቀብር ሲጠይቅ ሌላው ስለ ወረዳ ይመልሳል፣ ሦስተኛው የሁለቱን አባት አገር ያነሳል። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንደሚባለው፣ ማታ በመልስ ድግስ የተጀመረው ጨዋታ ጠዋት በዘር ስድብ ላይ ይገኛል።

የሚገርመው ሰዎቹ እነዚያው መሆናቸው ነው። እሑድ ጠዋት እድር ቤት ሲሰበሰቡ አይቻቸዋለሁ። እጅ ያወጣሉ፣ «ይፈቀድልኝ» ይላሉ፣ ዳኛው ካልፈቀዱ ይቀመጣሉ። አንድ የእድር ዳኛን ነገሩ ቢከነክነኝ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እዚህ እንዲህ ጨዋ ሆነው፣ ግሩፑ ላይ ምን ነካቸው?»

«እዚህ ዳኛ አለ ልጄ። እዚያ ማን አለ?» አሉኝ።

አድሚኑ አለ ልላቸው ነበር። አድሚኑ ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ስልክ በመነካካት የሚሻል፣ «አንተ ታውቅበታለህ» ተብሎ የተሾመ ልጅ ነው። የሚያውቀው ሥልጣን ሁለት ነው፦ ማጥፋትና ማባረር። የእድር ዳኛ ማባረር ላይ የሚደርሰው ብዙ ከሄደ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይመክራል፣ ያስጠነቅቃል፣ በደንቡ መሠረት መቀጮ ያስከፍላል፣ ካልሆነም ሽማግሌ ይልካል። አድሚኑ ይህ ሁሉ መሃል የለውም። ስለዚህ ወይ ዝም ይላል ወይ ታላቁን ሰውዬ በአንድ ጣት ያስወጣል፤ ያስወጣ ዕለትም የሰውዬው ዘመዶች ተከትለው ይወጣሉ።

ጥፋቱ የቴክኖሎጂው ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም፤ ቢያንስ ሁሉም ቴክኖሎጂ አንድ አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በፓልቶክ የሚወያዩባቸው ክፍሎች ነበሩ። እዚያ ማይኩ የአንድ ሰው ነበር። ለመናገር እጅ አውጥቶ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አስቸጋሪውን ክፍሉን የሚመሩት «ቀይ ነጥብ» ሰጥተው ዝም ያሰኙታል። ስድብ አልነበረም አልልም፣ ሞልቶ ነበር። ተሳዳቢውም ቢሆን ግን ተራውን ጠብቆ ነበር የሚሳደበው። በ2013 ዓ.ም. ሰው ሁሉ የድምፅ መወያያው ክለብሃውስ ላይ የተሰበሰበ ጊዜም እጅ የማውጣቱ ሥርዓት እንደዚያው ነበር። የጽሑፍ ግሩፕ ይህ የለውም። አርባ ሰው በአንድ ደቂቃ ይናገራል፣ የሚያዳምጥ አንድም ላይኖር ይችላል።

እዚህ ላይ በሥራዬ በየቀኑ የማየው አንድ ነገር አለ፤ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መመዘኛ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዛሬ የአማርኛ መጻፊያ የሌለው ስልክ አይገኝም ማለት ይቻላል። ነገር ግን መጻፊያው አለ ማለት ሰው ሁሉ ይጽፍበታል ማለት አይደለም። አንዱን ሆሄ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሁለቴ መንካት ያስፈልጋል፤ መነጽር ለሚፈልግ፣ ጣቱ ለወፈረ ሰው ይህ ትዕግሥት ይጨርሳል። ስለዚህ ትልልቆቹ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ማይኩን ተጭነው ከሰላምታ ጀምረው፣ የሁሉንም ጤና ጠይቀው፣ ወደ ነገራቸው የሚገቡት ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ አጫጭር ይጽፋሉ፤ ድምፅ አይከፍቱም፤ ወይ ቢሮ ናቸው፣ ወይ ታክሲ ውስጥ፣ ወይ ሰልችቷቸዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ትልቁ ሰው የተናገሩትን ማንም አልሰማም፣ መልስ ግን ተሰጥቷቸዋል። እሳቸውም ወጣቱ የጻፈውን በቅጡ አላነበቡም፣ ግን ተቆጥተዋል። «ተናቅሁ» የሚል ቅሬታ ይዘው ከሚመጡ አባቶች የብዙዎቹን ስልክ ስከፍት የማገኘው ይህንኑ ነው። የናቃቸው የለም፤ የሰማቸውም የለም።

መድኃኒቱን ያገኘሁት እዚያው እድር ቤት ነው፤ እድር ጸሐፊ አለው። አንድ ግሩፕ ላይ ይህን ሥራ ለአንዲት ልጅ ሰጠናት። ረጅም የድምፅ መልእክት ሲመጣ አዳምጣ፣ ሥሩ ላይ ሁለት መስመር ትጽፋለች፤ «ጋሼ የሚሉት፣ በስልክ ብር መላክ ይበቃል ከተባለ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው ይጠፋል ነው» ብላ። ክርክሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልኩን ለወጠ። የሚቃወማቸው ሰው ቢያንስ ያሉትን መቃወም ጀመረ።

ሌላው የጡሩምባው ነገር ነው። የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ጡሩምባው ለሌላ ነገር ስለማይነፋ ነው። ግሩፕ ላይ ግን የቀብር ሰዓት፣ ቀልድና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ተደባልቀው ይወርዳሉ። ለቀልዱ የተላከ የሳቅ ምልክት ከሞት ዜናው ሥር አርፎ ቤተሰብ የተቀያየመበትን አውቃለሁ። ስለዚህ ለመርዶና ለመዋጮ ኮሚቴው ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ለብቻ እከፍታለሁ፤ ጨዋታው በሌላ ግሩፕ ይሁን። ይህን አንድ ነገር ብቻ በማድረግ የበረደ ጸብ ብዙ ነው። የሰዓቱንም ነገር ጸሐፊዋ ትያዘው። «8፡00» ብሎ ስልኩ እንደሚያሳየው የሚጽፍ ወጣት ማታ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እትዬ ግን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ብለው ያነቡታል፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ የራሱን ሰዓት ያያል። «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምንም አይከብድም።

በስም ፋንታ ቅጽል፣ በፎቶ ፋንታ ጽጌረዳ ያደረገ አባልም ችግር ነው። በአማርኛ ሰውን ለማነጋገር ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ማወቅ የግድ ነው። የሰባ ዓመቱን አዛውንት «አንቺ ደግሞ አታውቂም» ያላቸው ልጅ ሊሰድባቸው አልፈለገም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የተነሳውን ጸብ ማንም አላበረደውም። በምከፍታቸው ግሩፖች ሁሉ የመጀመሪያው ደንብ በስም መግባት ነው።

ሁለተኛው፣ ያስተላለፈ ይጠየቃል የሚለው ነው። «ከሌላ ያገኘሁት ነው እንጂ የእኔ አይደለም» የሚባል ማምለጫ እድር ቤት አይሠራም፤ «ማን ነገረህ?» ይባላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶና ድምፅ በሚፈበርክበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ቀድሞ የውሸት ፎቶ ላይ ጣት ቁጠሩ እል ነበር፣ ስድስት ጣት ይገኝ ነበርና። አሁን ጣቱም ተስተካክሏል።

እስካሁን የድሮውን ሥርዓት ሳሞግስ ቆይቻለሁ፤ የጎደለውንም ልናገር። እሑድ እድር ቤት የምንናገረው በአብዛኛው ወንዶች ነን፣ ያውም ሸምገል ያልነው። ስልኩ ያመጣቸው ድምፆች አሉ። አንድ ጊዜ ስለ ሰርግ ወጪ ክርክር ተነስቶ፣ ስለ ዲኮሩ፣ ስለ መኪናው፣ «ሰው ምን ይለናል» ስለሚባለው ሲወራ ዋለ። ሌሊት ላይ ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት የድምፅ መልእክት ላከች። ሥራዋ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። የወንድሟን ሰርግ የከፈለችው እሷ እንደሆነች፣ ከዚያ በኋላ ወደ አገሯ መመለሻዋን እንዳራዘመች፣ ሰርጉንም በቪዲዮ እንዳየችው ተናገረች። ሰርግ ላይ ተገኝቶ የበላ ሁሉ የሚሰማው ነገር ነበር። ነገር ግን ጠዋት ግሩፑ ወደ ሌላ ወሬ ሄዶ ነበር፤ መልእክቷ በሰማንያ አዳዲስ ጽሑፍ ተቀብሮ ቀረ።

ይህ ነው እኔን ከስድቡ በላይ የሚያናድደኝ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉትም እንዲሁ ናቸው። ዱባይ ውስጥ በዋትስአፕ መደወል ዝግ ስለሆነ ብዙዎቹ የሚያወሩት በድምፅ መልእክት ነው፤ የሥራ ሰዓታቸው ከእኛ አይገጥምም፣ ስልካቸውም ሁልጊዜ እጃቸው ላይ አይደለም። ጨዋታው በፈጣኖች ከተመራ እነሱ ተናግረውም አልተናገሩም። ተራ የሚያስፈልገው እንግዲህ ለሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ቴሌግራም ላይ የግሩፑን ፍጥነት የሚገታ መቆጣጠሪያ አለ፤ አንድ አባል ከጻፈ በኋላ እንደ ምርጫው ከሰከንዶች እስከ 1 ሰዓት ድረስ መልሶ እንዳይጽፍ ያደርጋል። ክርክር ሲግል አምስት ደቂቃ ላይ አስተካክለዋለሁ። ወጣቶቹ ያማርራሉ። ያማርሩ። ቁም ነገር የተናገረን ሰው መልእክት ከላይ መሰካትም ይቻላል፤ የቤሩቷ ልጅ መልእክት አንድ ቀን ሙሉ ከላይ ቢሰካ ኖሮ ክርክሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ግሩፑም እንደ እድሩ ዳኛ ያስፈልገዋል፤ ከእሱ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሚዳኘው ክርክር ላይ የራሱን አስተያየት አይጽፍ። ማስረጃም አያጣም፤ የቅርብ ጊዜ እርምጃዎች የሚታዩበት የቴሌግራም መዝገብ ላይ ባለፉት 48 ሰዓታት የጠፋውና የታረመው ጽሑፍ ይገኛል። ማታ ሰድቦ ጠዋት ቃሉን አለስልሶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚለው ብዙ ነው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል። ይህን የማነሳው ማስፈራሪያ እንዲሆን አይደለም። ፍርድ ቤት የደረሰ ጸብ አንድን እድር መልሶ አያስታርቅም፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ የእኛው ነው።

ግሩፕ የምትመሩ ሁሉ እባካችሁ ሁለት ሰው ምረጡ፤ አንድ ዳኛ፣ አንድ ጸሐፊ። ስማቸውንና ደንቡን ከላይ ሰክታችሁ ለጥፉ። ከሁለቱ አንዷ ውጭ አገር የምትሠራ እህት ብትሆን የበለጠ ጥሩ ነው። በራሱ የሚያወርደውን መዝጋት ያቃታችሁ ደግሞ ስልኩን ይዛችሁ ኑ፤ እሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።