ባቡሩ ሐረር ቢገባ ኖሮ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐረር የሄድኩት ለጅብ ነው። እንጨት በጥርሴ ነክሼ ጅቡን ስጋ ሳጎርስ የሚያሳይ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጬ በማግስቱ ረፋድ ወደ ድሬዳዋ ልወርድ ነበር። ቪዲዮውን ቀረጽኩ።

ጠዋት ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ገባሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ስልኬን አዩና «ልጄ፣ ጅቡን ቀረጽክ፤ አሁን ትሄዳለህ፣ አይደል?» አሉኝ። አፈርኩ።

የኢኮኖሚክስ ተመራቂ አመል ሆኖብኝ ነገሩን ማስላት ጀመርኩ። ሐረር እኮ ሰው አንድ ሌሊት አድሮ የሚያልፍባት ከተማ አልነበረችም። ቡናና ቆዳ በግመል ወደ ዘይላ ወደብ የምትልክ፣ የራሷን ገንዘብ የምታትም የንግድ ከተማ ነበረች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 የመጣው ግጥም ሊጽፍ አይደለም፤ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። (በስሙ የምንጎበኘው ያ የሚያምር የእንጨት ቤት ግን እሱ የኖረበት እንዳልሆነ ይነገራል። ፎቶው ለማንኛውም ያምራል።)

ከዚያ ባቡር መጣ። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የሚዘረጉት ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታቀደው። ተራራው ግን ወጪ አበዛ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ፤ በጣቢያው ዙሪያ የበቀለችውም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት። ንግዱም ተከትሎ ወረደ።

ክፉ ዕድል ነው? ለነጋዴው አዎ። ግን ባቡሩ ቢገባ ግንቡን አፍርሰው መጋዘን ይሠሩበት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች የያዘው ጀጎል በከፊል የተረፈው ገንዘቡ ጥሎት ስለሄደ ይመስለኛል። ያ የተረፈው ነገር አሁን እንጀራ መሆን አለበት። የአንድ ሌሊት እንግዳ ደግሞ ለጅብ አብዪውና ለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል፤ ስፌት ለምትሰፋዋ እናትና ለልብስ ሰፊው የሚደርሰው በሁለተኛው ቀን ነው።

ከጎን ካለው ሱቅ ጨርቅ ገዝቼ ለአዛውንቱ ሰጠኋቸው። ለኩኝና «ነገ ከሰዓት ና» አሉ። ያሳደሩኝ እናት ቤት ስመለስ ሳቁብኝ፤ «ሻንጣህን መልስ እንግዲህ» አሉኝ። ባህላዊ የሐረሪ ቤት ነው፤ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፣ መደቡ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ደንብ አለው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዘው ብዬ የትልቅ ሰው ቦታ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በማግስቱ በጅጅጋ መንገድ ባቢሌ ሄድኩ። ኦቾሎኒ በየመንገዱ ይሸጣል። አለፍ ስትሉ ዳካታ ሸለቆ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ሊወድቅ ይመስላል፣ አይወድቅም። የገረመኝ ግን ማሳው ነው፤ የሐረር ቡና ዝናው ዓለም ላይ ነው፣ መንገዱን የሞላው ግን ጫት ነው። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፣ ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል።

ከሰዓት ስመለስ ሸሚዙ ደርሷል። እጅጌው ትንሽ ረዝሞ ነበር፤ አዛውንቱ እኔ ሻይ ሳልጨርስ አሳጠሩት።