ሥጋ ደዌው ሲድን የሚቀረው መልክ

በገበያ ቀን ከሶፊ ወረዳ ቀበሌዎች ወደ ሐረር ከተማ ከሚመጣው ሕዝብ መካከል ሁለት ሰዎች ይታሰቡ። አንደኛው ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ ቅንድባቸው የረገፈ አዛውንት ናቸው። ሰው መንገዱን ይለቅላቸዋል፤ ዕቃ ሲገዙም ገንዘባቸውን ከእጃቸው ከመቀበል ይልቅ «እዚያ ያስቀምጡት» ይባላሉ። ሁለተኛው ጤነኛ የሚመስል ወጣት ነው። ጀርባው ላይ ነጣ ያለ፣ የማያሳክክና የማያም ምልክት አለበት፤ እርሱ ራሱም ቢሆን ልብ አላለውም። ከሁለቱ ሥጋ ደዌን ወደ ሌላ ሰው ሊያስተላልፍ የሚችል ቢኖር ወጣቱ ነው። አዛውንቱ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ከዳኑ ምናልባት 20 ዓመት አልፏቸዋል።

ሕዝብ የሚፈራው መልክን ነው፤ የበሽታው መተላለፊያ ግን መልክ አይደለም። ይህ መለያየት በኢትዮጵያ በርካታ ቤተሰቦችን ከዕድርና ከጋብቻ አርቋል። ሕመሙ ሊታከም በሚችልበት ጊዜ እንዲደበቅ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን ነው። ከዚያ በፊት በሽታው በብዙ አገሮች በዘር የሚወረስ ወይም ከእርግማን የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ይህ እምነት ዛሬም ከብዙ መንደሮች አልጠፋም። ባክቴሪያው የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕመምተኛ አፍና አፍንጫ በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ሲሆን፣ ለዚያም ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ መኖር ያስፈልጋል። በመጨባበጥ ወይም በአንድ መሶብ አብሮ በመመገብ አይተላለፍም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢደርስበት እንኳ ተፈጥሯዊ የመከላከል ኃይሉ ያሸንፈዋል። ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

መልክን የሚለውጠው የነርቭ ጉዳት ነው። ባክቴሪያው በቆዳና ከቆዳ ሥር በሚያልፉ ነርቮች ውስጥ ይራባል። በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይታጠፋሉ፤ የፊት ነርቭ ሲጎዳ የዓይን ቆብ መከደን ያቅተዋል። ከሁሉ የከፋው የስሜት መጥፋት ነው። ማሽላ ሲኮተኩት የዋለ አርሶ አደር እሾህ እግሩ ውስጥ ገብቶ እያለ ሳይሰማው ቤቱ ይገባል። እናት የጋለ ጀበና አንስታ እጇ መቃጠሉን የምታውቀው ሲያብጥ አይታ ነው። ቁስሉ ስለማያም አይታከምም፤ ያመረቅዛል፣ ወደ አጥንት ይዘልቃል፣ ጣትም እያጠረ ይሄዳል። «በሽታው ጣት ይቆርጣል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ጣቱን የወሰደው ግን ሳይታወቅ የቆየ ቁስል ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ለረጅም ጊዜ የተጎዳን ነርቭና ያጠረን ጣት ግን አይመልስም። ስለዚህ ሰውየው ይድናል፣ መልኩ ግን እንዳለ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መደባለቅ ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ለምጽንና ሥጋ ደዌን አንድ ያደርጋቸዋል። ለምጽ የቆዳ ቀለም የሚጠፋበት ሁኔታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነጭ የሆነው ቦታም እንደ ሌላው ሰውነት ይሰማዋል። የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ነጭ አይሆንም፤ ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል፣ በጥጥ ጫፍ ሲነካም ስሜቱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ለምጽ ያለበት ሰው የሌለበትን በሽታ ስም ተሸክሞ ሲሸሽ ይኖራል። ሥጋ ደዌ የጀመረው ደግሞ «ቋቁቻ ነው» እየተባለ ቅባት ይቀባል።

ሌላው የሚያየውን መልክ ሰው በራሱ ላይ ማየት ይጀምራል። «ቆማጣ» የሚለው ቃል በየስድቡ የሚወረወር በመሆኑ፣ ምልክቱ የታየበት ሰው ከሐኪሙ አስቀድሞ ፍርዱን ያውቀዋል። እጁን በነጠላ ይሸፍናል፤ ከሠርግና ከለቅሶ ይቀራል፤ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ከመታየት ይልቅ ዝምታን ይመርጣል። በተደበቀባቸው ወራትና ዓመታት ነርቩ ይጎዳል። የፈራው መልክ የሚመጣበት በአብዛኛው በመዘግየቱ ነው። ልጆቹም ምንም ሳይኖርባቸው ለጋብቻ ሲታጩ «ዘራቸው ይጣራ» ይባላል።

ሐረር ይህን ታሪክ በቅርብ ታውቀዋለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ መሥርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ዉርዝቡርግ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ደግሞ የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ቢሲዲሞ ነው። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት ለመላው አፍሪካ የሥልጠናና የተሐድሶ ማዕከል እንዲሆን ታስቦ ነበር። እነዚህ ተቋማት ብዙ ሰው አድነዋል። ሆኖም ሕሙማንን በአንድ ስፍራ ማሰባሰቡ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ የሰፈሩ ስም ራሱ ምልክት ሆነ፣ የዳነውም ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ከመመለስ ይልቅ በሆስፒታሉ ዙሪያ መኖርን መረጠ።

ሕጉም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ከሕዝቡ ፍርሃት ጋር ቆሟል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛን ሥጋ ደዌ ሳያውቁ መጋባትን ጋብቻን ሊያፈርስ ከሚችል መሠረታዊ ስሕተት ቆጥሮት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የበሽታውን ስም አውጥቶ «የማይድን ወይም ወደ ተወላጅ የሚተላለፍ በሽታ» በሚል ሐሳብ ተክቶታል። ሥጋ ደዌ ከሁለቱም ውስጥ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው ጥምር ሕክምና ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉትን መድኃኒቶች ያጣምራል። እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር የሚወሰድ ሲሆን በነፃ ይሰጣል። ከተጀመረ በኋላ በአጭር ጊዜ መተላለፉ ይቆማል። በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፣ በተለይ ምልክቱ ባለበት ቦታ። ጎረቤት «ምን ነካህ?» ማለት ሲጀምር መድኃኒቱን የሚያቋርጡ አሉ። ጥቁረቱ ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ እየለቀቀ የሚሄድ መሆኑን ባለሙያው አስቀድሞ ካልነገራቸው ማቋረጣቸው አይገርምም።

ስሜት ላጣ እግር ጫማ ከመድኃኒት አይተናነስም። እግርን በየቀኑ መፈተሽ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቅባት መቀባትና ጠጠር ከማያሳልፍ ጫማ ውጭ አለመሄድ በየቤቱ የሚቻል ነው። ቀድሞ ለሕሙማን ተለይቶ የሚሠራው ጫማ ግን ከሩቅ ይታወቅ ስለነበር «ይኸው እርሱ ነው» የሚያሰኝ ሆኖ በየቤቱ ተቀመጠ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአለርት ሥር ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ማንም ከገበያ የሚገዛውን የሸራ ጫማ ለገጠር አርሶ አደሮች ሞከሩት። ርካሽ ነበር፤ የእግር ቁስልን ለመፈወስም አገለገለ፤ ሰዎቹም አደረጉት፤ ጎረቤቶቻቸውም ያንኑ ጫማ ያደርጉ ነበርና።